ከምድጃው የወጣው ቀይ

መስታወት አቅላጩ ሙርሺድ በሩ ሥር ወድቆ ነው የተገኘው። ኢንስፔክተር ፈድሊያ ከኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ዳር ወዳለው የመስታወት ማቅለጫ ስትደርስ፣ ሐኪሙ ሬሳውን መርምሮ ጨርሷል።

«ጭስ አፍኖት ነው። አደጋ ይመስላል» አላት።

ፈድሊያ ግን ጎንበስ ብላ የሟቹን እጅ አየች። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ በሩ ከውስጥ በኩል ተቧጭሯል።

ሬሳውን ያገኘችው አብራው የምትሠራው ሠዓሊ ጽዮናዊት ናት። «ጠዋት ስመጣ በሩ ክፍት ነበር» አለች እያለቀሰች።

«ምን እያቀለጠ ነበር?»

«ከቡና ገለፈት አመድ የሚሠራውን መስታወት። መዳብ እንጨምርበታለን፤ ሁልጊዜ ሰማያዊ ይወጣል። ቀይ ፈልገን ስንት ደከምን! ዶክተር ነጋሳ አየር ካጠረው ይቀላል ይላል። ሙርሺድ ግን ጭሱ ሰው ይገድላል ብሎ እምቢ አለ።»

ፈድሊያ ብቻዋን ገብታ የማቅለጫውን ማሰሮ ከፈተች። ውስጡ ቀይ ነው። ክዳኑን መልሳ ጭስ ማውጫውን ስትፈትሽ፣ አፉ ላይ የተቃጠለ የጆንያ ክር አገኘች። ቤቱን አሽጋ ወጣች።

የመስታወቱ ተመራማሪ ዶክተር ነጋሳ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ፈድሊያ እሱንና ጽዮናዊትን፣ የሟቹንም ሚስት ረይሃናን ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«የት ነበሩ ዶክተር?»

«ከትናንት ጀምሮ የቡ ከተማ ነበርኩ፣ የቡና ገለፈት ላመጣ። እዚህ ድርሽ አላልኩም።»

«እንግዲያው ማሰሮውን እንሰብረዋለን።»

«ማሎ፣ እባክዎ ኢንስፔክተር! ቀዩ መስታወት እንዳይነካ!»



«ቀይ መሆኑን ከእኔ በቀር ያየ የለም» አለች ፈድሊያ። «ቀይ የሚወጣው ደግሞ አየር ሲያጥረው ነው። ስለዚህ እሳቱ እየነደደ ሰው ጭስ ማውጫውን በጆንያ ወትፏል። የሙርሺድ ጥፍር የተሰበረው በሩ ከውጭ ስለተቀረቀረ ነው፤ ወጥቶ ጆንያውን እንዳይነቅለው። ጠዋት ግን በሩም ጭስ ማውጫውም ክፍት ናቸው። የዘጋው ሰው ተመልሶ ከፍቷል፤ ያን ጊዜም ማሰሮውን አይቷል። ሲያንኳኳ ሰምተውት ነበር ዶክተር?»

ነጋሳ አቀረቀረ። «ሰምቻለሁ። ቀለሙ ሊይዝ ጥቂት ነበር የቀረው።»

«ኢናሊላሂ…» ረይሃና ጽዮናዊትን ተደገፈች። ቆይታ «አሳዩኝ» አለች።

ማንም ሊከለክላት አልደፈረም። ገብታ ማሰሮው ላይ ጎንበስ ብላ አየችው፣ ረጅም ጊዜ።

«ያምራል» አለች። ከዚያ ወዲያ፣ ፖሊሶቹ ነጋሳን ይዘው ሲወጡም ቀና አላለችም።