ስንት እንበላቸው?

ከትልቁ የውኃ ታንከር ጀርባ በተለጠፈች አንዲት ክፍል ውስጥ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳር ያሳደጉት ነገር ቢኖር አንድ የባንክ ደብተር ነው። ባልየው ከሚፈርሱ ቤቶች የወጡ በርና መስኮቶችን እየገዛ ይሸጣል። ሻጭ የጠራውን ዋጋ ሁሉ ከግማሽ ስለሚጀምር ሰፈሩ «ግማሹ» ብሎ አወጣለት፤ እሱም ይህን ስም እንደ ሹመት ነበር የሚቆጥረው። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የታንከሩ ውኃ በግድግዳው እየሰረገ በየዓመቱ አልጋቸውን አንድ ስንዝር ወደ መሃል ሲያስገፋቸው፣ የእሷም ሳል በየዓመቱ እየጠና ሄደ። በመጨረሻ ሐኪሙ ራጇን ወደ መብራቱ አንስቶ አየና «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። ደረቅ ክፍል ያስፈልጋታል፤ ፀሐይ የሚገባበት። ክረምቱ ሳይገባ» አላቸው። ፀሐይ የሚገባበት ክፍል... እንደ ክኒን ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ቢሆን ምን ነበረበት!

ደላላው በሁለተኛው ሳምንት ቤት አገኘላቸው። ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ጠባብ በረንዳ አለው። ባለቤቷ ባላቸው የሞቱባቸው ጡረተኛ መምህርት ናቸው። የጠሩት ዋጋ ስምንት መቶ ሺህ ነበር፤ ደብተሩ ላይ ያለው ደግሞ ስምንት መቶ ሠላሳ ሺህ። አዎን አንባቢ ሆይ፣ በዚያው ቀን በተጠራው ዋጋ ሊገዛው ይችል ነበር! ነገር ግን ግማሹ ቁጭ ብሎ አሰበ። ከዋጋው ላይ የሚነሳው እያንዳንዱ ሺህ ለእሷ መድኃኒት ነው። በረንዳውንም በመስታወት ይዘጋላታል፤ ለዚያ የሚሆን አረንጓዴ ክፈፍ ያለው መስኮት ከሱቁ ዕቃ መርጦ ለብቻው አስቀምጦ ነበር። ስስት አልነበረም። ሰውየው ፍቅሩን የሚገልጽበት ሌላ ቋንቋ አያውቅም፤ ለሚወዳት ሴት ዋጋ ይቀንስላታል።

ቤቱን ሊያዩ የሄዱ ዕለት ከመግባታቸው በፊት በሩ ላይ አስቆማት። «ወደድሽው ማለት አለቀልን ማለት ነው። ፊትሽን አጥቁሪ፣ እንከን ፈልጊ» አላት። ገቡ። የጠዋት ፀሐይ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ወለሉ ደግሞ ከየትም ከተለቀመ የሴራሚክ ስብርባሪ የተሠራ ነው፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ አንዱ ከአንዱ ጋር በእጅ ተገጣጥሞ። ሴትየዋ ማሳሏን ረሳች። ጫማዋን አውልቃ ልትሄድበት፣ ቁጭ ብላ በመዳፏ ልትዳብሰው አማራት። ነገር ግን የባሏን ዓይን አየች። «ይህን ወለል የሠራው ሰው ምን ነካው? ነቅሎ መጣሉ ራሱ ወጪ ነው» አለች። መምህርቷ አንገታቸውን ደፍተው ወለሉን ተመለከቱ። «ባለቤቴ ነው የሠራው» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ዓመት ፈጀበት።» ከግቢው ሲወጡ ግማሹ ደስታው ወሰን አጣ፤ በዚያች አንዲት ቃል ቢያንስ ሃምሳ ሺህ እንዳስቀነሰች ነገራት። እሷ ግን ዞራ ዞራ ወደ ግቢው ታይ ነበር።

በማግስቱ በደላላው በኩል አምስት መቶ ሃምሳ ሺህ ላከ። ከዚያ በኋላ ራሱ ወደዚያ ሰፈር ድርሽ አላለም፤ ገዢ ፊቱን ባሳየ ቁጥር ዋጋ ይወጣል የሚል የንግድ ሕግ ነበረው። ደላላው ይሄዳል፣ ደላላው ይመለሳል። «እያሰቡበት ነው» ይላል ሁልጊዜ። ባልና ሚስቱም በየጠዋቱ፣ እሱ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ፣ እሷ ከትራሷ ቀና ብላ፣ ይመክራሉ።

«ዛሬ ስንት እንበላቸው?»

«ትናንት ስንት ነበር ያልከው?»

«ስድስት መቶ።»

«ስድስት መቶ አሥር በል። ብቻ አትጣደፍ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«አሁን ገና ንግድ ገባሽ» ይላል፤ ዓይኑ ይበራል። ከዚያም ዕቃ ያስገባሉ። የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ትሆናለች፣ አልጋው ፀሐይ በምትወጣበት በኩል፤ ቁም ሳጥኑ ላይ ግን ሊስማሙ አልቻሉም። ስድስት መቶ ሃያ ሆነ፣ ስድስት መቶ ሃምሳ ሆነ። ክረምቱ ገባ። ግድግዳው ላይ ያለው ጥቁር ሻጋታ እስከ ጣራው ወጣ። ሰባት መቶ ሲደርሱ የእሷ እጅ የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቅቶት ነበር፤ እሱ እየያዘላት ስለ ቁም ሳጥኑ ይከራከራሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ትራሷ አጠገብ ባለው፣ ሰፍታ ባልጨረሰችው ነጭ ሸሚዝ ላይ ደም አየ። ያን ጠዋት ስንት እንበላቸው ብሎ አልጠየቀም። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ወደ ቤቱ ሮጠ። በሩን የከፈተለት ልጅ ያቀፈ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «ቤቱን? እኛ እኮ ከገዛነው አራት ወራችን» አለው። መምህርቷ ግን አልራቁም፤ ሹፌሩ ጓሮ ያለችውን ክፍል እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ትቶላቸዋል። ወንበር ስበው ግማሹን አስቀመጡት።

«በስንት ሸጡት?» አለ። ከዚህ ሌላ ጥያቄ አልመጣለትም።

«በአምስት መቶ ሺህ።»

እሱ በመጀመሪያ ከሰጠው በታች!

«ስምንት መቶ ያልኩት ለወጉ ነበር፣ ልጄ። ሹፌሩ ሲገባ ጫማውን አወለቀ፤ ይህን ማን ሠራው አለኝ። ሌላ ምን ልጠይቀው? ቀብድ ከተቀበልኩ በኋላ ሚስትህ ብቻዋን መጣች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ‹ከአንጀቴ አልተናገርኩም፣ ይቅር ይበሉኝ› አለችኝ። ምን ላድርግ? ቀብድ ተቀብያለሁ።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«የመጣችው ከሐኪሙ ዘንድ ነበር። ክረምቱን አትዘልቂም ብሏታል። ‹ቤቱ ማምለጡን ከነገርኩት ዕድሜ ልኩን ራሱን ሲረግም ይኖራል። ስንት እንበላቸው ሲለኝ ግን ዓይኑ ይበራል፤ የቀረችኝን ጊዜ እሱን እያየሁ ልጨርሳት› አለችኝ። ደላላውንም የለመነችው እሷ ናት።»

ዕድሜውን ሁሉ ለኮሚሽን ሲዋሽ የኖረ ደላላ አራት ወር በነጻ ዋሽቶላት ነበር።

ግማሹ እንዴት እንደተመለሰ አያውቀውም። ምን ይበላት? ይውቀሳት? እግሯ ላይ ይውደቅ? ይህስ ምን ይመልሳል? በሩ ላይ ሲደርስ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፤ ዝናቡ ውለታ ውሎለት ዕንባው ከዝናብ አይለይም ነበር።

«ምን አሉ?» አለችው።

«እሺ አሉ።»

ረጅም ጊዜ ዓይኑን አየችው።

«በስንት?»

«በጠሩት። አልተከራከርኩም።»

«አንተ? ሳትከራከር?» አለችና ሳቋ ወደ ሳል ተቀየረ። እስኪያልፍላት ደግፎ ያዛት። «ሰፈሩ ሌላ ስም ሊፈልግልህ ነው እንግዲህ... ወለሉን እንዳታስነቅለው።»

«አላስነቅለውም።»

«ቁም ሳጥኑንም አንተ ባልክበት አድርገው።»

እንደዋሸ አውቃለች፤ ማወቋንም አውቋል። ሁለቱም አልተናገሩትም። በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ እጇ እጁ ውስጥ እንዳለ፣ አረፈች።

የሬሳ ሣጥን የሚሠራው አናጺ የቆየ ደንበኛው ነው። ግማሹ ከግማሽ እንደሚጀምር ስለሚያውቅ ዋጋውን እጥፍ አድርጎ ጠራለት። ግማሹ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሙሉውን ቆጥሮ ሰጠው። አናጺው ደነገጠ፤ «ኧረ እኔ እንድትቀንስ ብዬ ነው፣ ግማሹን ያዝ» አለው።

«ለእሷ አልከራከርም» አለ ግማሹ።

ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራለትም ይላሉ፤ እውነት ነው። በዚያ የመጀመሪያ ቀን እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ ፀሐይዋ ታድናት ነበር? ሐኪሙ ራሱ አያውቅም። ሰው በገበያ ላይ ብልህ ነው፤ ዕጣ ፈንታ ግን ዋጋዋን አስቀድማ አትጠራም፣ ከፍለህ ከጨረስክ በኋላ ነው የምትነግርህ። አረንጓዴው መስኮት ዛሬም ሱቁ ውስጥ ቆሟል። ገዢዎች ያዩታል፣ መስታወቱን በጣታቸው ይመቱታል፣ ስንት ትለዋለህ ይሉታል። አይሸጥም ይላቸውና ወደ ግድግዳው ያዞረዋል።