ቀኑን የሰጣቸው ሰው

ፕሮፌሰሩ ቢሮው ውስጥ፣ መጽሐፍ መደርደሪያው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የኋላ ጭንቅላቱን የፈነከተው የገዛ ራሱ የሽልማት ዋንጫ አጠገቡ ወድቋል። እጁ ካሴት ጨብጧል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች አሉ፤ አንዱ አልተነካም። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ፍጻሜው ቀርቧል» ተብሎ ተጽፏል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ደቃቃ ብትሆንም ያልገባችበት ስፌት የለም። ጽሑፉን አይታ ወደ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ዞረች። የሟች አብሮ አደግ ነው።

«የእነዚያ ሰዎች ሥራ ነው» አላት ድምፁ ሻክሮ።

እነዚያ ያላቸው ሟቹ ያጠናቸው የነበሩትን የዓለም ፍጻሜ ጠባቂዎች ነው። ፕሮፌሰሩ ካቻምና አማኝ መስሎ አብሯቸው ኖሯል። ዓለም ያልፋል ባሉት ቀን ተራራ ላይ ወጥተው ሲጠብቁ ውርጭ ወረደባቸው፤ የሞቱም ነበሩ።

መርፌ የጠባቂዎቹን ማኅበር መሪ አስጠራች። ሽማግሌው ተረጋግተው ተቀመጡ።

«አታልሎናል ብላችሁ ቂም አልያዛችሁበትም፣ አባቴ?»

«አጥኚ መሆኑን ኋላ ራሱ ነገረን፤ ይቅር አልነው። ደግሞስ፣ ልጄ፣ ቀኑን የሰጠን እሱ አይደል? ቀኑ ጠፍቶን ስንጨነቅ ‹አስልቼ ደረስኩበት› አለን።»

«ቀኑ ግን እንዲሁ አለፈ።»

«ማን አለሽ? ዓለም ያን ቀን አልፋለች፤ የምታዪው ጥላዋን ነው። ከዚያ ወዲህ ‹ቀርቧል› ማለት በእኛ ዘንድ ክህደት ነው።»

መርፌ የፕሮፌሰሩን ረዳት ተመራማሪ ጠየቀቻት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ሰዎቹ ትምህርታቸውን መለወጣቸውን ታውቂያለሽ?»

«እንዴታ! መጽሐፋችን በሙሉ ስለዚያ ነው፤ ትንቢት ሲከሽፍ እምነት እንዴት እንደሚጠነክር።»

«የክፍሉ ኃላፊስ?»

«እሳቸው ባለቤታቸው ከማኅበርተኞቹ ጋር ተራራው ላይ በውርጩ ከሞቱ ወዲህ የማኅበሩ ስም ሲነሳ እንኳ ጥለው ይወጣሉ። ያኔ ቀብሩ ላይ ደግፎ ያቆማቸው ፕሮፌሰሩ ነው።»

የሟች ሚስት ነርስ ናት፤ ባሏ ሲሞት ከባልደረቦቿ ጋር ቀዶ ጥገና ክፍል ነበረች።

«ትናንት ጠዋት ‹ለወዳጄ የምነግረው ነገር አለ፤ ደረቴን ከብዶኛል› ብሎኝ ወጣ» አለች።

መርፌ ሁሉንም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ሟች ሻይ ቀድቶ እንግዳውን አስተናግዷል» ብላ ጀመረች። «ጀርባውንም ሰጥቶታል። የሚያምነው ሰው ነው። ገዳዩ ጥፋቱን ወደ ማኅበሩ ለማዞር ግድግዳው ላይ ጻፈ፤ እዚያ ላይ ተሳሳተ። ማኅበርተኛ ቢሆን ‹ቀርቧል› አይልም። ረዳቲቱም ለውጡን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ እነሱን ለማስመሰል ብትፈልግ እንዲህ አትጽፍም። የጻፈው ሰው ትምህርታቸውን የሚያውቀው እስከዚያች ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ጆሮውን ደፍኗል።»

ሁሉም ወደ ክፍሉ ኃላፊ ዞሩ።

«ቀኑን ማን እንደሰጣቸው እርስዎ ትናንት ሰሙ፤ አይደለም?» አለችው መርፌ በዝግታ።

ኃላፊው መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«‹ምን እንደሚያደርጉ ለማየት ከራሴ ፈጠርኩት› አለኝ። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ይቅር ልለው ነበር፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ፣ ‹ግን እንዲህ ያለ መረጃ ማንም አግኝቶ አያውቅም› አለ። ‹እዚያ ተራራ ላይ ሲዘምሩ ቀድቻቸዋለሁ። የእሷም ድምፅ አለበት፤ ቆይ ላሰማህ› ብሎ ካሴቱን ሊያወርድ ዞረ።»

ፖሊሶቹ ክንዱን ይዘው አስነሱት።

ሽማግሌው ግን አልተንቀሳቀሱም። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ቀኑን ከራሱ ነው የፈጠረው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ልጄም ተራራው ላይ ነው የቀረችው» አሉ። አቀረቀሩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ቀስ በቀስ ፈካ።

«እሱ አላወቀም እንጂ፣ ከላይ ተልኮ ነበር።»

ረዳት ተመራማሪዋ ሳታስበው ቃላቸውን ልትመዘግብ እስክሪብቶ አነሳች። የሟች ሚስት አየቻት። ረዳቲቱ እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው።