ታክሲ ውስጥ የተከፈተው የእናቴ ድምፅ

«እመቤት፣ ምላስ የለሽም እንዴ?»

ንታቴ ሌሲባ («ንታቴ» እንደ «ጋሼ» ነው) እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገራት እንዲህ ብሎ ነው! የሰፈራችን የማሜሎዲ ታክሲ ነጂ አይደል፣ ይሉኝታ የት ያውቃል። የት እንደምትወርድ ጠይቋት ስትመልስለት አልሰማትም። እናቴ ማትሺዲሶ ጉሮሮዋን ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ ከሹክሹክታ በላይ ድምፅ የላትም።

«መልሳልሃለች! ጆሮ የሌለህ አንተ ነህ!» አልኩት።

አፈረ። በማግስቱ ሙዚቃውን ዘግቶ ጠበቃት። «አሁን ይሰማኛል» አላት። በቃ! ስድስት ወር ሙሉ ጆሮውን ወደ እሷ አዘንብሎ ነዳ። እግዜር ነው ያተረፈን።

ግን አንድ ምስጢር ነበራት። በወጣትነቷ አገር ያበደላት ዘፋኝ ነበረች። «ሌሲባ የድሮ ድምፄን ከሰማ ይኼኛው ያስጠላዋል» ብላ እንዳልነግረው አስምላኛለች። አልነገርኩትም! ካሴቷን ብቻ ከቁምሳጥን አውጥቼ ለጎረቤታችን ለሞጋሌ ሰጠሁት።

ሞጋሌ ሃውስ የሚባለውን የጭፈራ ሙዚቃ ይሠራል። የእናቴን ድምፅ ቆርጦ ከበሮ አስገባበት። እኛ ሰፈር አዲስ ዘፈን ከሬዲዮ በፊት የሚታደለው ለታክሲ ነጂዎች ነው። ለየትኛው ነጂ እንደሰጠው አልጠየቅኩም። አይ እኔ!

ማክሰኞ ጠዋት ሌሲባ «ዛሬ አንዴ ፍቀጂልኝ፣ አዲስ ዘፈን ነው» ብሎ ከፈተው። ከበሮው መታ... ከዚያ ያ ድምፅ!  ከኋላችን ያሉት ሴትዮ ማግዊኛቸውን፣ ያንን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ እያኘኩ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ።

«ወይኔ ይቺ ልጅ!» አለ ሌሲባ። «በጎረምሳነቴ ስንቴ አልቅሼባታለሁ! እንደሷ ያለ ድምፅ እስከዛሬ አልሰማሁም!»

እናቴ አመድ መሰለች። «አቁም።»

«እስኪያልቅ ብቻ...»

«አቁም!»

መሀል መንገድ ላይ ወረደች። እሱ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። «ምን አጠፋሁ?»

ቤት ስንገባ «አውቆ ነው! ሲያሾፍብኝ ነው!» አለችኝ። ሦስት ቀን በሌላ ታክሲ ሄደች። ሦስት ቀን ትራሷ ረጥቦ አደረ። በአራተኛው ቀን አላስቻለኝም፤ እጇን ጎትቼ ሌሲባ ያለበት ታክሲ ተራ ድረስ ወሰድኳት።

«ካሴቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ! እሱ የሚያውቀው ነገር የለም!»

«አንቺ...!» አለች እናቴ። 

«ቆይ...» የሌሲባ ቁልፍ ከእጁ ወደቀ። «ያቺ ልጅ... አንቺ ነሽ?»

ተሰላፊው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

«ነበርኩ» አለች። «አሁን የቀረኝ ይኼ ነው። ያንኛውን ከወደድክ ካሴቱን ውሰደው።»

«ማትሺዲሶ፣ ያ ዘፈን ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘፍንልኝ ከረመ። አንድም ቀን ግን እንዳንቺ "በላህ ወይ?" አላለኝም። እኔ የራበኝ ያንቺ ሹክሹክታ ነው። አግቢኝ!»

 ማግባት?!

እናቴ አንገቱን ይዛ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለችው። እኛ አልሰማንም። እሱ ግን እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ለሰልፉ ሁሉ ጮኸ፦

«እሺ አለችኝ! ሰዎች፣ እሺ አለችኝ!»