ሳይሞቅ የማይለካ ዘይት

«በዝቷል» አሉ አጎት ሸዕባን፣ ቀጭኑን የዘይት መለኪያ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው። ጫፉ ላይ እንደ ከርከዴ ሻይ የቀላ ዘይት ተንጠልጥሏል። «እይው እስቲ። ምልክቱን አልፎ ሄዷል።»

ሃጀር ጠጋ ብላ አየች። እውነት ነው፣ ዘይቱ ከላይኛው መስመር በላይ ነው። ግን ሞተሩ ጠፍቷል።

የአሮጌዋን መኪና የካምቢዮ ዘይት የቀየሩት ትናንት ነበር፣ እሷና እናቷ ዋሲላ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ። የተቃጠለውን ጥቁር ዘይት አፍስሰው፣ አዲሱን ፊልትሮ ሃጀር በገዛ እጇ አስራለች። ዳንግላ የመኪና ጥገና የሚማረው ወንድሟ መርዋን ሥራውን አንድ በአንድ በድምፅ መልእክት ልኮላት ነበር። የመጨረሻውን መልእክት በቃሏ ይዛዋለች፦ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚለካው ሜዳ ላይ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው።

«አጎቴ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ነው የሚለካው። ትናንት እንደሱ ስለካው ልክ ነበር።»

«ማን አለ?»

«መርዋን።»

አጎት ሸዕባን ሳቁ። «እኔ አይሱዙ ስነዳ መርዋን ጡት አልጣለም ነበር። ዘይት የሚለካው ሞተር ጠፍቶ፣ ረግቶ ነው። ያንን ልጅ እዚያ ምን እንደሚያስተምሩት እንጃ።»

ሃጀር ወደ እናቷ ዞረች። ዋሲላ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ባለፈው ቅዳሜ ወደ አዲስ ቅዳም ገበያ ስትሄድ መኪናዋ ዳገት ላይ እምቢ ብላት፣ የምትሸጠውን የልብስ እስር ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ውላለች። አጎት ሸዕባን ታላቅ ወንድሟ ናቸው። የዚያኑ ዕለት ዳንግላ ለመኪናዋ ገዢ አገኙ። «ዘይቱ ተቀይሮ ዳገቱን ካልወጣች ትሸጣለች» ብለው ተስማምተዋል። መኪናዋ ከሄደች ዋሲላ እንደ ድሮው በሌሊት ተነሥታ፣ እስሯን ተሸክማ ሚኒባስ ልትለምን ነው።

«አንተ እንዳልክ ጋሼ» አለች ዋሲላ።

አጎት ለፈረሳቸው መድኃኒት መስጫ የገዙትን፣ ገና ያልተከፈተ ትልቅ ስሪንጅና ቱቦ ከኪሳቸው አወጡ። እየደጋገሙ ቀይ ዘይቱን ሳቡት። ዘይቱ ከመለኪያው መስመር ጋር እኩል ሲሆን በቃቸው። «ከዙሁር ሶላት በኋላ እንሞክራታለን። ይሄን ለበር ማጠፊያ አድርጉት።»

ሃጀር ዘይቱን ተቀብላ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠችው። ክዳኑን አጥብቃ፣ ከመኪናዋ ኋላ ከተጠባባቂ ጎማው ሥር ሸጎጠችው። ለመርዋንም «አጎቴ ቀነሱት» ብላ ጻፈች። ኔትወርክ ስለሌለ መልእክቱ አልሄደም።

አጎት ሸዕባን ቦራ ፈረሳቸውን ጭነው የኮርቻውን ጠፍር ከሆዱ ሥር አጠበቁ። አልተቀመጡበትም ግን። ልጓሙን ይዘው ግቢውን አንድ ጊዜ አዞሩትና ጠፍሩን እንደገና ሳቡት።

«ቅድም አጥብቀውት አልነበር?» አለች ሃጀር።

«ቆሞ ሳለ ሆዱን ይነፋላ። ካልተራመደ ልኩን አታውቂም» አሉ፣ ወደ ኮርቻው እየወጡ።

ከሰዓት በኋላ ዋሲላ መሪውን ያዘች። አጎት ከጎኗ፣ ሃጀር ከኋላ ተቀመጡ። ከእንጅባራ ወጥተው በዘንገና አቅጣጫ ሲሄዱ መኪናዋ ሜዳውን ደህና ተጓዘች። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ግን ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማዎቹ አልተከተሉትም። ዋሲላ ነዳጅ ጨመረች። ጩኸቱ ብቻ ጨመረ።

«አላልኩም?» አሉ አጎት ቀስ ብለው። ለገዢው ሊደውሉ ስልካቸውን አወጡ።

ሃጀር ምላሷ ላይ የደረሰውን ነገር ታውቀዋለች። *እርስዎ ነዎት ዘይቱን ያጎደሉት።* እውነት ነው። ግን አጎቷን ታውቃቸዋለች፤ ይህን በእህታቸው ፊት ከሰሙ ከመኪናው ወርደው በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ስልኩንም እየሄዱ ይደውላሉ።

«አጎቴ» አለች። «ቦራው ቆሞ ሳለ ሆዱን ይነፋል ብለውኝ የለ?»

«እና?»

«ይችስ እንደሱ ብትሆን? ጠዋት ቆማ ነው ያየናት። አሁን ተራምዳለች። እስቲ ሞተሩን ሳናጠፋ አንድ ጊዜ ይዩልኝ።»

«ፈረስና መኪና» ብለው አጉረመረሙ። ስልኩን ግን ኪሳቸው ከተቱት። «ወደ ሜዳው መልሻት፣ ዋሲላ።»

ሜዳው ላይ ዋሲላ ፍሬኑን ረግጣ ማርሹን በየቦታው አዳርሳ ወደ ማቆሚያው መለሰችው። ሞተሩ እየሠራ ነው። ሃጀር መለኪያውን ራሷ ልትመዝ እጇን ዘርግታ ነበር፤ መለሰችውና ሶፍት ለአጎቷ አቀበለች። አጎት መዘዙ፣ ጠረጉ፣ መልሰው ከተው መዘዙ። ጫፉ ብቻ ረጥቧል። ቀና አላሉም።

የሠፈራቸው ባጃጅ ነጂ እንዳልካቸው ፍጥነቱን ቀንሶ አንገቱን አወጣ። «ጋሽ ሸዕባን፣ ምን ሆነችባችሁ?»

አጎት መለኪያው ላይ እንዳቀረቀሩ ናቸው።

«ምንም አልሆነች» አለች ሃጀር። «ስለሞቀች እየለካናት ነው።»

«ሞተሩ እየሠራ?»

«ይች እንዲህ ነው የምትለካ።»

«አይ፣ እናንተ መካኒኮች» ብሎ እየሳቀ አለፈ።

አጎት ሸዕባን መለኪያውን ጠርገው ከተቱት። «ያ ዘይት ቤት ቀረ አይደል?»

ሃጀር ከኋላ ሄዳ ጠርሙሱንና የዘይት ማጥለያውን አመጣች። አጎት ጠርሙሱን አዩ፣ እሷን አዩ።

«ለበር ማጠፊያ አላልኩሽም?»

«የእኛ በር አይጮህም፣ አጎቴ።»

ከንፈራቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ማጥለያውን ያዘችላቸውና ጥቂት ጥቂት እያሉ ጨመሩ፤ በየመሐሉ ይለካሉ። ጠርሙሱ ሲያልቅ መለኪያውን ወደ እሷ አዘነበሉት።

«በቃ?»

«በቃ።»

ዋሲላ ዳገቱን ስትጀምር «ቢስሚላህ» አለች። ሞተሩ አልጮኸም። መኪናዋ የለመደችውን መንገድ እንደምትሄድ በቅሎ ዝግ ብላ፣ ሳታቋርጥ ወጣች። ጫፉ ላይ ሲደርሱ የአጎትም የሃጀርም ስልክ ኔትወርክ አገኘ። አጎት ደወሉ።

«አዎ፣ ሸዕባን ነኝ። ነገ አይምጡ። … አይ፣ ዋጋው አይደለም። መኪናዋ ሥራ አላት።»

ዋሲላ መንገዱን እንዳየች ነው። የሻሿ ጫፍ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል።

የሃጀር ስልክ ነዘረ። መርዋን ነው። «ቀነሱት??? በይ ስህተታቸውን ንገሪያቸው። ምን ሆነ?»

«እኔ ነበርኩ ልክ» ብላ ጻፈች። አየችው። ከፊት አጎቷ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ለእናቷ ነገ የትኛውን እስር ከታች መጫን እንዳለባት ይነግሯታል።

አጠፋችውና እንደገና ጻፈች። «ዳገቱን ወጣች። አጎቴ ሞተሩ እየሠራ ለክተው ሞሉት።»

ላከችው።