ጨልሞ የወጣው ጎን

ልጆቼ፣ ፍቅርን የሚገድለው ሁልጊዜ ጠላት አይምሰላችሁ። አንዳንዴ አፍ ውስጥ የቀረች አንዲት ቃል ትበቃዋለች።

ሉዋን በካን ቶ ከተማ፣ ወንዙ ዳር፣ ፎቶ ቤት ነበረው። ዲዬምን ያወቃት ለመታወቂያ ፎቶ ልትነሳ መጥታ፣ ብልጭታው በበራ ቁጥር ዓይኗን እየጨፈነች ስታስቸግረው ነው።

«ኧረ ግለጪው! መብራቱ አይበላሽም።»

«መብራቱን መቼ ፈራሁ፣ ወንድም ዓለም? አንተ ስታየኝ ነው የምጨፍነው» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ልቡ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

በሚተጫጩበት ቀን ጠዋት፣ ወንዙ ላይ ጀልባዎችን በፀሐይ ሲያነሳ ቆይቶ እያለከለከ ዲዬም ቤት ደረሰ። ቀዩ የጥሎሽ ሣጥን በሞቱት አያቶች መታሰቢያ ፊት ተቀምጧል። ፊልሙ ላይ የቀረችው አንዲት ፎቶ ብቻ ናት። ካሜራውን ራሱ እንዲያነሳ አዘጋጅቶ አቆመና ከዲዬም ጎን ሊቆም ሮጠ።

«ሙሽራው በሩጫ ነው እንዴ የሚያገባው!» አለች አክስቷ። ቤቱ በሳቅ ሲሞላ ብልጭታው በራ።

ብልጭታ ግን የራሱ ሰዓት አለው፤ መብራት ያለበት በካሜራው ውስጥ ያለው መጋረጃ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሳለ ነው። ሉዋን የመጋረጃውን ፍጥነት ጠዋት ለፀሐዩ ብሎ ፈጣን እንዳደረገው ረስቶታል። መብራቱ ሲደርስ መጋረጃው መዘጋት ጀምሮ ነበር።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ዲዬም እንደ ጨረቃ በርታለች፤ እሱ የቆመበት ጎን ድቅድቅ ጨለማ።

እናቷ እማማ ሳው ፎቶውን አይተው ጮኹ። «አያቶቻችን ፊት የጠፋ ሰው! ልጄን ባሏ የሞተባት ሊያደርጋት ነው!»

ዲዬም ዓይን ዓይኑን አየችው። «ንገራቸው እንጂ። እጅህ ስቶ ነው፣ አይደል?»

አጎት አክስቱ ሁሉ ተሰብስቧል። የከተማው ሠርግ ሁሉ በእሱ እጅ ነው፤ እንዴት አድርጎ እንደ ጀማሪ ረሳሁ ይበል?

«የእኔ እጅ አይስትም» አለ።

ጥሎሹ ተመለሰ።

ሉዋን ፀጉሩ ሸብቶ፣ ብቻውን አርጅቶ ሳለ፣ ዲዬም ከባሏና ልትታጭ ከደረሰች ልጇ ጋር ፎቶ ቤቱ መጣች። ሉዋን ፍጥነቱን አስተካከለ፤ ደግሞ አየው። ባልና ልጅ መስተዋቱ ጋ ልብሳቸውን ሲያስተካክሉ ቀስ ብሎ፣

«ያን ቀን... ረስቼ ነው» አላት።

«ያኔም አውቄዋለሁ። ለእናቴ ብነግራት ፍቅር ነው የሚያናግርሽ አለችኝ። ካንተ አፍ ብትሰማው ግን ታምን ነበር።» ፈገግ አለች። «በል አንሳን፣ ወንድም ዓለም።»

ብልጭታው በሰዓቱ በራ።

ፎቶው ከዳር እስከ ዳር ብሩህ ሆኖ ወጣ። ባልየው አለ፤ ልጅቷ አለች።

ዲዬም ግን ዓይኗን ጨፍናለች።