የግራው ሞንታርቦ

ሞንታርቦው የለም።

ማይክል የማንጎ ጥላ ባር በር ላይ ተገትሮ ቀረ። መድረኩ ላይ የቀኙ ሞንታርቦ እንደ ዘበኛ ቆሟል። የግራው በነበረበት ቦታ ግን አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ወለልና አንድ የሞተ በረሮ ብቻ ቀርቷል።

ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጋምቤላ በዚህ ሰዓት ውሻ እንኳ ጥላ ይከራያል።

«ኛኩዋት!»

የባሩ ባለቤት ኛኩዋት ከጓዳ ወጣች። ረጅም ናት፤ የገዛ በሯን ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው።

«የግራው ሞንታርቦ የት አለ?»

«ሄደ።»

«የት ሄደ?»

«ሳኒ ጋ። ይንጫጫል፤ ይሠራዋል። ከዚያ ሰው ከፈለገው ደግሞ ይሄዳል።»

«ማታ ሥራ አለን እኮ!»

«አንተ ደግሞ! ዕቃ ሰው ሲፈልገው ይሄዳል፣ ሲጨርስ ይመጣል። ስምንት ወር ኖረህ ይሄን አላወቅህም?»

ማወቁንስ ያውቃል። ደህና ድምፅ ያለው ሞንታርቦ እዚህ አገር ቤት የለውም። ሌሊቱን ሲያስጨፍር ያደረው፣ ጠዋት ስለ ወባ አጎበር ሲያስተምር ይገኛል።

ማይክል ለከተማው ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ከአቦቦ መሸታ ቤቶች እስከ ማታር የወንዝ ዳር ዳስ፣ ሙዚቃ ባለበት ሁሉ ከባንዱ ጋር ይዞራል። ለመሥሪያ ቤቱ ደግሞ በባሮ ላይ ጦር መሣሪያ የሚያሻግሩትን የሚከታተል ሰላይ ነው። የምስጢር ስሙ «ቆርኪ» ይባላል። ሌላው «ነብር» ሲባል እሱ የቢራ ክዳን! ቅሬታ ነበረው፤ በጽሑፍ አቅርብ ብለውት ቀረ። በስምንት ወር ውስጥ ሰላይ ነው ብሎ የጠረጠረው አንድም ሰው የለም። ኪቦርድ አይችልም ብሎ ግን ያልጠረጠረ የለም።

በግራው ሞንታርቦ ውስጥ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ አለች። ፑዎት የሚባል የማታር ጀልባ ነጂ አሻጋሪዎቹ ሲደራደሩ በስልኩ ቀድቷቸዋል። ሐሙስ ዕለት ባንዱ እዚያ ተጫውቶ ዕቃ ሲጫን፣ ሊያግዝ ገባና ካርዷን ከኋላ ክዳኑ ሥር ለጠፋት። በኬላው ኪስ ይዳበሳል፣ ጫማ ይወልቃል። ሞንታርቦ የሚፈታ ግን የለም። ዕቃው በአይሱዙ ትናንት ገባ። ማይክልን የጫነችው መኪና ግን ተበላሽታ እሱ ዛሬ ደረሰ።

ቀረጻው ላይ የፑዎት የራሱ ድምፅ አለበት። አሻጋሪዎቹ እጅ ከገባ ፑዎት ሰንበትን አያያትም። ስለዚህ ማይክል በሪፖርቱ ሁሉ «መቅዘፊያ» ብቻ ይለዋል። ስሙን ለአለቃው እንኳ አልነገረም።

ባጃጅ ያዘ። ባጃጁ ሦስት ጊዜ ቆመ፤ አንዴ ለነዳጅ፣ አንዴ ለሰላምታ፣ አንዴ ያለ ምክንያት።

ሳኒ ከተበተኑ ቬንትሌተሮች መሐል ተቀምጦ ሽቦ ይልጣል።

«ሳኒ፣ ሞንታርቦው?»

«ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሰላምታ!»

«ሰላም ነው። ሞንታርቦው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እኔም ደህና ነኝ፤ ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ። ሠራሁት፣ ወሰዱት።»

«እነማን?»

«የወንዝ ዳሩ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸዋ! ዛሬ ጉባኤ አላቸው። ኛኩዋት ፈቅዳለች።»

«ከኋላ ፈትተኸዋል?»

«ከፊት ነው የፈታሁት፤ ሽቦ ለቆ ነበር። ምነው፣ የቀበርከው ወርቅ አለ እንዴ?»

ሳኒ ሳቀ። ማይክልም ሳቀ። ሳቁም እንደ ኪቦርዱ ዘግይቶ ገባ።

ውጭ ወጥቶ ደወለ። ኔትወርክ የለም። ደገመ። የለም። አንድ እግሩን የድንጋይ ክምር ላይ ሰቅሎ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ ለምኖ ለምኖ በአራተኛው ገባ። የአለቃው የምስጢር ስም «ጭልፊት» ነው።

«ቆርኪ ነኝ።»

«ዕቃው?»

«ሞንታርቦው የወንዝ ዳሩ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። አሁን ገብቼ...»

«አንተ አትንካ። ሁለት ሰዎች ልኬ አስወጣዋለሁ።»

«እኔ እኮ አሥር ደቂቃ...»

«አትንካ አልኩ! ፑዎት የለጠፈው ከፊት ነው ከኋላ?»

ማይክል ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው።

የፑዎትን ስም ነግሮት አያውቅም።

«ሃሎ? ቆርኪ?»

«ከፊት» ብሎ ዋሸና ዘጋው።

መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው መቅዘፊያን እንጂ ፑዎትን አይደለም። ፑዎትን የሚያውቁት አሻጋሪዎቹ ናቸው። ጠርጥረውት ለጭልፊት ካልነገሩት ከየት ያመጣዋል? የቀራቸው ማረጋገጫ ነው። ማረጋገጫው ደግሞ አሁን መዝሙር ያስዘምራል።

ሮጠ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከጣሪያው ሙቀት በታች ሞልቶ ከበሮው ይመታል። የግራው ሞንታርቦ ከመዘምራኑ አጠገብ ነጭ ጨርቅ ተከናንቧል። ምክንያቱም ጎኑ ላይ ትልቅ የቢራ ጠርሙስ ሥዕል ተለጥፎበታል። ነፋስ ጨርቁን ገለጥ ባደረገ ቁጥር ሽማግሌው ማቻር ቆጣ እያሉ ይሸፍኑታል።

«ማሌ» አለች አንዲት ሴት፤ ሰላም ነው ማለቷ ነው። ኛኩዋት ናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የባር ፊቷን እቤት ትታ መጥታለች። «የኔ ቤት ሰው ነው፤ አሳልፉት» አለች ጎረቤቶቿን። ሰዉ ጠጋ ጠጋ አለለት። ማይክል ሞንታርቦው ሥር ተቀመጠ።

ሽማግሌ ማቻር እጃቸውን አነሱ። «እንጸልይ።»

ዓይን ሁሉ ተከደነ።

የማቻር ጸሎት በከተማው የታወቀ ነው፤ ጸልየው እስኪጨርሱ ሩዝ ይበስላል ይባላል። ማይክል ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ። ጨርቁ ሥር ገባ። አንደኛው ብሎን ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ዝጎ እምቢ አለ። ጥርሱን ነክሶ አዞረው።

ወጣ።

ክዳኑን በጎኑ ፈልቀቅ አደረገ። ጣቱ ፕላስተር ነካ። ካርዷን ላጠና ምላሱ ሥር ወሸቃት።

«አሜን!»

ሙቀቱ ነው መሰል፣ ማቻር በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አሳጠሩት።

መቶ ዓይን ተከፈተ። ማይክል አንድ እጁ ሞንታርቦ ውስጥ፣ አንድ እጁ ካቻቢቴ ላይ ነበር።

«ሌባ!» አለ አንድ ሰው።

በሩ ላይ ሁለት ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰዎች ቆመዋል።

«ማይክል?» አለች ኛኩዋት። «ምን እያደረግህ ነው?»

አፉን ቢከፍት ካርዷ ትታያለች። የመንግሥት ሰው ነኝ ቢል እነዚያም መታወቂያ አላቸው፤ ከሱ የሚበልጥ። ኛኩዋት ጠበቀችው። ሰውም ጠበቀው።

አንገቱን ደፋ።

መነጽራሞቹ ገፋ ገፋ እያሉ ቀረቡ። «ለእኛ ስጡን። እንወስደዋለን።»

ማቻር ቁመታቸውን ሙሉ ቀጥ አሉ። «እናንተ ማን ናችሁ? ሌባው የኛ ነው። ፖሊስ ጋ የምንወስደውም እኛ ነን።»

ሃምሳ ሰው ከበበው። እየሰደቡት፣ ኮሌታውን እየጎተቱት፣ በፀሐዩ መሐል እስከ ጣቢያ አጀቡት። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጥበቃ ተደርጎለት አያውቅም። መነጽራሞቹ የሞንታርቦውን ፊት ፈትተው ያገኙት የሳኒን አዲስ ሽቦ ብቻ ነበር።

ሁለት ሌሊት ታሰረ። ካርዷ ከምላሱ ወደ ካልሲው ወረደች። ሰኞ ጠዋት ኛኩዋት መጥታ ክሱን አነሳችለት። የልብሱን ሻንጣ እግሩ ሥር አስቀመጠች።

«የሞንታርቦ ማግኔት ይሸጣል አሉ። ለሱ ነው?»

የሻንጣውን እጀታ ያዘ።

«ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር። ሞንታርቦውን ሙሉውን።»

«ኛኩዋት...»

«ኪቦርዱ ለባንዱ ይቀራል። አንተ እንደሆነ አትችልም።»

ጎንበስ ብላ በሩን አልፋ ሄደች።

ማይክል ለጭልፊት አልደወለም። አውቶቡስ ለአውቶቡስ እየቀያየረ አዲስ አበባ ገባና ካርዷን ከጭልፊት በላይ ካለችው አለቃ እጅ ላይ አኖራት። በአሥረኛው ቀን አሻጋሪዎቹ ከነጀልባቸው ተያዙ። ጭልፊትን ከቢሮው፣ ከነሻይ ብርጭቆው ወሰዱት። ፑዎት ማታር ላይ ጀልባውን ይነዳል፤ ለሞት ስንት ብሎን ቀርቶት እንደነበር አያውቅም።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አላት ማይክል አለቃዋን። «ለጋምቤላ ሰዎች፣ በሆነ መንገድ፣ ሌባ እንዳልሆንኩ...»

«ማን ነው ሌባ የተባለው?»

«ማይክል።»

«ስምህ ማይክል ነው እንዴ?»

አልነበረም። ፋይሉን ዘጋችው።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ከጋምቤላ በጣም በራቀ አንድ ከተማ፣ አንድ አዲስ ኪቦርድ ተጫዋች ባር ውስጥ ገመድ ይዘረጋል። የባሩ ባለቤት ወሬ የሚወድ ወፍራም ሰው ነው።

«ጋምቤላ የሆነውን ሰምተሃል? አንዱ ያንተ ቢጤ፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ ሞንታርቦ ሲፈታ ያዙት አሉ! በጸሎት መሐል! በዚያ ላይ ደግሞ ኪቦርድ አይችልም ነበር አሉ።»

«አይ ሰው!» አለ ተጫዋቹ።

አንድ ሁለት ኖታ ሞከረ። የግራው ሞንታርቦ ተንጫጫ። እጁ በልማድ ወደ ኪሱ ወደ ካቻቢቴው ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

«ጌታዬ» አለ። «ይሄ ይንጫጫል። ልፍታው? ይፈቅዱልኛል?»

ባለቤቱ ሳቀበት። «ይሄም ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል» አለ።