ቅጠል የሌለው ትርንጎ

ክሎቲልዴ ትልቁን ቢላ ስትጫነው ትርንጎው ለሁለት ተከፈለ። የእህቷ ልጅ ሮሳልባ ከጎኗ ቆማ ፍሬውን አየችው። ልጣጩ ቢጫና ጎርባጣ፣ ውስጡ ነጭና ወፍራም፣ ጭማቂው ከቁጥር የማይገባ ነው። ለዓይን እንከን አይወጣለትም።

«እሰይ! ሲያምር!» አለች ክሎቲልዴ፤ ግማሹን አንሥታ ለሮሳልባ ሰጠቻት። «በይ እጠቢው።»

«እጠቢው» ማለት «አሽትቺው» ማለት ነበር። አምና የያዛት ትኩሳት የክሎቲልዴን ማሽተት ይዞት ሄዷል፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሮሳልባ ታሸታለች፤ ደህና ከሆነ የጨው ማሰሮውን ወደ አክስቷ ትገፋለች። ከዚያ ትርንጎው ሦስት ቀን በጨው ውሃ፣ አምስት ቀን ደግሞ በስኳር ይሰነብታል። ለገና ዋዜማ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ዛሬ ካልገባ ለገናው ዳቦ አይደርስም።

በዋዜማው እራት ላይ ካርሜላ ትመጣለች፤ የክሎቲልዴ አንድያ ልጅ የፒዬትሮ አማት ልትሆን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ትርንጎ በስኳር ያበሰለች ሴት ናት። አንድ ፍርፋሪ ምላሷ ላይ ካረፈ ይበቃታል፤ ምላሷ ደግሞ ሥራው መቅመስ ብቻ አይደለም።

በሩ ጋ የቆመችው የሮሳልባ ጓደኛ ሚሬላ ዓይኗን አፈጠጠች። ዝም በይ ማለቷ ነው። ጠዋት ሮሳልባ ዳገቱ ላይ ወዳለው የጋሽ ሳቬሪዮ የትርንጎ እርሻ ልትወጣ ስትል «አታካብጂ አቦ! የአጎቴም ትርንጎ ነው፤ ያው ከላኦ ወንዝ ዳር የተለቀመ» ብላ መንገድ ዳር ወደቆመው የአጎቷ መኪና ወሰደቻት። በሣጥኑ ከነበረው ፍሬ አንዱም ቅጠል አልነበረውም። በዚህ አገር ትርንጎ ያለ ቅጠሉ አይገዛም፤ ቅጠሉ በጣት ታሽቶ ነው ፍሬው የሚታመነው። ሮሳልባ ይህን በደንብ ታውቃለች። ግን ዳገቱ ሰልችቷት፣ ጓደኞቿም ባሕሩ ዳርቻ እየጠበቋት ስለነበር እያወቀች ገዛች።

ግማሹን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ከዚያ ያለፈ ምንም የለውም። ትርንጎ ቢሆን ኖሮ ገና ሲቆረጥ ወጥ ቤቱን ባወደው ነበር።

«ቆንጆ አይደል?» አለች ሚሬላ በችኮላ። «አጎቴ ለዘመድ የሚሰጠው ከዚህ ነው።»

«አንቺን ደግሞ ማን ጠየቀሽ?» አለች ክሎቲልዴ እየሳቀች። ዓይኗ ግን ከሮሳልባ እጅ አልተነሣም። «ካርሜላ አምና ‹እጅሽ ይባረክ› ብላኛለች እኮ። ያቺ ሴት ለማንም ብላ አታውቅም።»

ሮሳልባን ጭንቅ ያዛት። እውነቱን ጮክ ብላ ብትናገር ሚሬላ የአክስቷን ገመና ትሰማለች፤ ሚሬላ የሰማችውን ደግሞ እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ዝም ብትል አክስቷ በልጇ አማቶች ፊት ትዋረዳለች። ከሁሉ ያቃጠላት ግን አክስቷ ከእሷ ሌላ የምታምነው አፍንጫ የሌላት መሆኑ ነው።

«ምነው ልጄ? አልጠራም?» አለች ክሎቲልዴ ቀስ ብላ። ፈገግታው እንዳለ ነው፤ ጣቶቿ ግን የመክተፊያውን ጠርዝ ጨብጠዋል።

የጨው ማሰሮው በመሐላቸው ተቀምጧል። ሮሳልባ እጇን ዘረጋች። ሚሬላ እፎይ አለች።

ሮሳልባ ማሰሮውን አነሣችና መደርደሪያው ላይ፣ ከነበረበት ቦታ መለሰችው።

«እንዴ! ጨው አይገባበትም?» አለች ሚሬላ።

ክሎቲልዴ ቢላውን አጥባ አደረቀችና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ጀምበር ለመጥለቅ አንድ ሰዓት ቢቀራት ነው።

«ዳገቱ ላይ ይበርዳል» አለች። «ካፖርትሽን ደርቢ።»

ሮሳልባ ዘንቢሉን ከሚስማሩ አወረደች። ሚሬላ በሩ ላይ ክንዷን ያዘቻት። «ለአጎቴ ምን ልበለው?» አለች በሹክሹክታ።

«ምንም አትበዪው። የገዛሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረች። «አክስቴ፣ ከነቅጠሉ ነው የማመጣው» አለችና ወጣች።